ዜናው በእጅ ሲነገር

ጥር 4፣ ሰኞ

የጠዋቱን ዜና ሠርቼ ወጣሁ። አሥር ደቂቃ። ጥቁር ሸሚዝ፣ ግንባር የሚጠብስ መብራት፣ እግሬ ሥር ያቺ በፕላስተር የተለጠፈች የመቆሚያ ምልክት። ከወገብ በታች ማንም ስለማያየኝ ዛሬም በነጠላ ጫማ ነበርኩ። የሚያውቀው ካሜራ ማኑ ብቻ ነው። እስካሁን አላሳበቀብኝም።

በስክሪኑ ጥግ ባለችው ሣጥን ውስጥ መቆም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። ጣቢያው ውስጥ ስሜ ራሱ "ሣጥኑ" ሆኗል። "ሣጥኑ መጣ?" "ሣጥኑን ጥሩት።" ለምዶብኛል። "መስማት ለተሳናቸው ዜናውን በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉመው ሰውዬ" ከማለት ያጥራል።

ዛሬ አዘጋጁ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። አዲስ ፕሮግራም ሊጀመር ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ስድሳ ደቂቃ፣ በቀጥታ። ንግድ፣ ቴክኖሎጂ፣ ሳይንስ፣ የዓለም ጉዳይ።

"አንተም አለህበት" አለኝ።

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

ደስ አለኝ። ለእማዬ ነው ደስ ያለኝ። መስማት ስለማትችል ዕድሜዋን ሙሉ ዓለም የደረሳት እየተቆራረጠ ነው። በፊት በእኔ በኩል… ገና ስድስት ዓመቴ ሳለ በየጽሕፈት ቤቱ ይዛኝ እየዞረች፣ ጸሐፊው ያለውን በእጄ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ቀጥሎ በአሥር ደቂቃ። አሁን ስድሳ!

ሄጄ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ስድሳ ደቂቃ? እጅህ ይወልቃል" አለችኝ በእጇ። ፊቷ ግን ሌላ ነበር የሚለው።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ተጀመረ፣ አለቀ። ስክሪፕቱን የሰጡኝ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቢሆንም አንድም ቃል አላመለጠኝም። አንድም! ዳይሬክተሯ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ጥር 8፣ ዓርብ

አይ የእኔ ነገር…

እማዬ ጋ ሄድኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ሙገሳ ልቀበል ነው የሄድኩት። ገና በሩ ላይ ስታየኝ ሳቋን ለቀቀችው። የእሷ ሳቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ነው የሚስቀው።

"ባንኩ ሴቶች ትንሽ ውለዱ ብሎ አዘዘ አይደል?"

"ምን?"

"አንተ ነህ ያልከው። ባንክ። መውለድ። ቀንሱ።"

ወለድ! የወለድ ምጣኔ! አፍ የሚለውን እየተከተልኩ እጄ ቀጥታ ወደ መውለድ ሄዷል። አገር በሚያየው ቴሌቪዥን ባንኩን የእናቶች አለቃ አድርጌው አረፍኩ።

"ደግሞ ሰማይ ላይ ጉድጓድ የቆፈሩት ሰዎች… ለሽንት ቤት ነው?"

ጥቁር ጉድጓድ። ብርሃን የሚውጠውን የኅዋውን አካል ጥቁር ብዬ፣ አስከትዬ በአካፋ የሚቆፈረውን ጉድጓድ። ሌላ ምን ልበል ብዬ ነበር?

አብሬያት ሳቅሁ። እሷ ግን ሳቋን ቀድማኝ ጨረሰች።

"እየኝ" አለች። "አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁህ። እጅህ ያምራል። ይፈጥናል። የእኔ ልጅ ነው አልኩ። ግን ምንም አልገባኝም።"

ምንም።

ትናንት "አንድም ቃል አላመለጠኝም" ብዬ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ይቀመጥ።

ጥር 10፣ እሑድ

መስማት የተሳናቸው ማኅበር አዳራሽ ሄድኩ። ወደ አርባ ሰው፣ ሁሉም ሁሉንም እንዲያይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል።

እንደሚወቅሱኝ አውቄ ነበር። ግን እንዲህ? ሊቀመንበሩ አናጢ ነው። አንድ ጣቱን መጋዝ ስለወሰደበት የምልክት ስሙ "ዘጠኝ" ነው፤ ራሱ ነው ያወጣው። ተነሥቶ፣ "የሐሙሱ ዜና የገባው ሰው እጁን ያውጣ" አለ። አንድ ሰውዬ አወጣ። እሱም ሻይ ስንት ሰዓት ነው ሊል ነበር።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ተነሣች። መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር፣ ራሷም የማትሰማ። የምልክት ስሟ "ቅንድብ" ነው፤ ስታወራ ቅንድቧ ከእጇ ቀድሞ ይናገራል።

"አንተ ትሰማለህ" አለችኝ። "ስለዚህ ቃሉን ትከተላለህ። እኛ ቃሉ ምን ያደርግልናል? ነገሩን ስጠን።"

"ነገሩ ከባድ ነዋ! እስቲ ጥቁር ጉድጓድን አንቺ በይው።"

ትንሽ አሰበች። ግራ እጇን ጨበጠች። ጡጫው እየጠበበ፣ እየከበደ፣ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ። በቀኝ ጣቶቿ ብርሃን በተነች። ብርሃኑ በጡጫው አጠገብ ሊያልፍ ሲል ተጎተተ… ታጠፈ… ገባ። ጠበቅን። አልወጣም።

በአዳራሹ ውስጥ አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አርባ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አርገበገበ። ጭብጨባቸው እንዲህ ነው።

እኔም አርገበገብኩ። ውስጤን ግን የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ቅናት ነው? ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ ቅናት ነው።

በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ ግን ቅናቱ መንገድ ላይ ተራገፈ። ከእናቴ ጡት ጋር የያዝኩት ቋንቋ ይህን ሁሉ ይችላል እንዴ? ሰማይን በሁለት እጅ! አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስናገረው ኖሬ ልኩን አላወቅሁትም ነበር። ኮራሁበት።

ጥር 13፣ ረቡዕ

አዘጋጁ ቢሮ ገባሁ። ስክሪፕቱን ከእሑድ ጀምሮ እፈልገዋለሁ አልኩት።

"ዜና እኮ ነው፤ ሠርግ አይደለም ቀድሞ ካርድ የሚበተንለት።"

"ሳይንሱስ? ቴክኖሎጂውስ? እሱ ዛሬ ጠዋት ነው የተወለደው?" (መውለድ አሁንም አለቀቀኝም።)

"ቆይ፣ ከሐሙስ ወዲህ አልገባኝም ብሎ የደወለ ሰው አለ?"

"አይደውሉም። አይሰሙማ።"

ፊቱ ቀላ። መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ግማሹን እሑድ፣ የቀረውን ሐሙስ ጠዋት ሊሰጠኝ ተስማማን። ግማሽም ግማሽ ነው።

ጥር 17፣ እሑድ

ዛሬ በአዳራሹ አምስት ቃል። ለሳተላይት አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ማዕቀብም ቀላል ነበር፤ ዘጠኝ ሱቅ ሲዘጋበት የተሰማውን አሳየን። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ላይ ጉድ ፈላ። አንዱ "ጭንቅላት የሠራ ብረት" አለ። ቅንድብ "አያስብም፣ ጭንቅላት አትስጡት" አለች። ሌላው "ብዙ የሚያወራ፣ ግን የሚያወራውን የማያውቅ… የባለቤቴ ወንድም በሉት" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በመጨረሻ ያገኘነው፦ አንድ እጅ ከብዙ መጽሐፍ ቶሎ ቶሎ ይለቅማል፣ ሌላው የተለቀመውን ገጣጥሞ ያወጣል። አየሁት። ስክሪፕታችን ላይ ካለው የሦስት መስመር ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥር 22፣ ዓርብ

የትናንቱ ጥሩ ነበር። እማዬ የሳተላይቷ ነገር ገብቷታል፣ ማዕቀቡም ገብቷታል። ግን ተናዳለች።

"ከደረትህ በታች የት ሄደህ ነው?"

ለካ ከታች የሚያልፈው የጽሑፍ መስመር እጄን ቆርጦታል። ደግሞ ሣጥኗ… እማዬ ከአንገቷ ሜትሯን አወረደችና ቴሌቪዥኑ ላይ ለካች። ስምንት በስድስት ሳንቲ ሜትር።

"የሸሚዝ ኪስ ከዚህ ይሰፋል" አለችኝ። "ሰው በኪስ ውስጥ ያወራል?"

ልኩን በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ጨርቁን ይዤ ቀጥታ ዳይሬክተሯ ጋ።

"ሣጥኑ ከሰፋ ምስሉን ይበላብኛል" አለች። ልክ ናት፣ ሥራዋ ነው። አልተከራከርኩም። የትናንቱን ቅጂ ከፈትኩላት፣ ድምፁን ዘጋሁ፣ "አምስት ደቂቃ ብቻ እይልኝ" አልኳት። ሦስት ደቂቃ ላይ "ምንድን ነው የሚለው?" አለች። አራት ላይ ወንበሯን አስጠጋች። አምስት ላይ ራሷ አጠፋችው።

ሩብ ስክሪን! የጽሑፉም መስመር ወደ ላይ ይወጣል።

ጨርቁን አልመለሰችልኝም። ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋዋለች።

ጥር 24፣ እሑድ

እማዬ ዛሬ አዳራሽ መጣች!

ስንት ዓመት ለመንኳት። አልመጣም ትል የነበረው "እነሱ ተምረዋል፣ የእኔ የቤት ምልክት ነው፣ የገበያ ምልክት ነው፣ ይስቁብኛል" እያለች ነው። ዛሬ ምን እንዳስነሣት እንጃ። ሜትሯን እንኳ ከአንገቷ ሳታወርድ መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች።

የቀኑ ቃል የዋጋ ግሽበት ነበር። ዋጋን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እንላለን። ቅንድብ ትጥላለች። "እሱ ውድነት ነው። ግሽበት ሌላ ነው። ገንዘቡ ምን ሆነ?" ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሰው ደከመው።

እማዬ መሀል ገባች። ጉልበቷ ያማታል፣ ቀስ ብላ። በግራ እጇ አንድ የብር ኖት ያዘች… ባዶ እጇን ማለቴ ነው፣ ግን ኖቱ ታየኝ። እጁን ቀጥ አድርጋ አቆመችው፣ ምንም አይነቃነቅም። በቀኟ ጨርቅ ለካች። መጀመሪያ ክንድ ሙሉ። ያው ኖት፤ እስከ ክርን። ያው ኖት፤ አንድ ስንዝር። ያው ኖት፤ ሁለት ጣት። ከዚያ ሁለት ጣቷን አገላብጣ አየች፣ ልብስ ሊሆናት ይችል እንደሆነ እንደምታስብ።

አርባ ሰው እጁን አነሣ።

ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞረች። ለእሷ መሆኑ አልገባትም።

ዘጠኝ፣ "የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?" አላት።

"ቤቴ" አለች። "አልተማርኩም ብዬ።"

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

የእማዬ ምልክት ዛሬ በአየር ላይ ዋለ። ሦስት ጊዜ። አራተኛ ልጨምር፣ ግሽበት በሌለበት ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። እጄን ያዝኩት።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ስብሰባ ተጠራሁ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ አዘጋጁ፣ ዳይሬክተሯ፣ ከአንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት የመጣች ኢንጂነር። ስክሪን ላይ በኮምፒውተር የተሣለ ሰው አሳዩን። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ እንደኔው። ጽሑፍ ይሰጡታል፣ በምልክት ያወራል።

"አይደክመውም፣ አይታመምም" አሉ ምክትሉ። ወደኔ አላዩም።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ስንት ጊዜ በዚያች ሣጥን ውስጥ ቆሜ ማሽን የሰው ሥራ ሊወስድ ነው የሚል ዜና አስተረጎምኩ? ዛሬ ዜናው ስሜን ጠርቶ መጣ።

ደግሞ እውነቱን ልጻፍ። ጣቶቹ ጥሩ ናቸው። ጥርት ያሉ። ከእኔ ጣት ይጠራሉ።

"ምን ትላለህ?" አሉኝ።

መጥፎ ነው ብል ለእንጀራው ነው ይላሉ። ጥሩ ነው ብል… "እኔ ልፈርድ አልችልም፣ ጌታዬ" አልኳቸው። "ለሚያዩት ሰዎች እናሳያቸው። እሑድ ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩ።"

ኢንጂነሯ ደስ አላት። "እኛም ፈልገን ነበር፣ ማንን እንደምንጠይቅ አላወቅንም" አለች። ከልቧ ነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው…

ምክትሉ ክራቫታቸውን አስረው መጡ። ኢንጂነሯ ትልቁን ስክሪን ተከለች። የተሣለው ሰውዬ ጀመረ። የአየር ጠባይ፤ ገባቸው። የሞባይል ዋጋ፤ ገባቸው። አንዳንዱ እጁን አርገበገበ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሸሚዜን እያስተካከልኩ ነበር፣ መውጫዬን የማስተካክል ይመስል።

ከዚያ የዓለም ዜና። ስክሪፕቱን እኔ ቀድሜ አንብቤዋለሁ። "ጦርነቱ ያበቃ ይሆን? ተደራዳሪዎቹ ዛሬ ተገናኙ" ነው የሚለው። ሰውዬው እጆቹን አነሣ። ጦርነት። አበቃ። ፊቱ ግን እንደ ግድግዳ። በእኛ ቋንቋ ጥያቄ የሚጠየቀው በፊት ነው፣ በቅንድብ ነው። ቅንድቡ አልተነሣም። ስለዚህ አልጠየቀም። ተናገረ። ጦርነቱ አበቃ አለ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። እህቱ ጦርነቱ ያለበት አገር ናት። ከነልጆቿ። ሦስት ወር ወሬዋን አልሰማም። ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ። አጠገቡ ያለውን አቀፈ፣ ቀጥሎ ያለውን አቀፈ፣ እያለቀሰ እጁን ወደ ላይ…

ማን ይንገረው? ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ሄድኩ። ትከሻውን ያዝኩ። "ጥያቄ ነው" አልኩት። "አበቃ አላሉም። ያበቃ ይሆን ነው ያሉት።" ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወንበሩን አንሥቶ፣ አስተካክሎ፣ ተቀመጠ። ሰው ሲቀመጥ እንደዚያ አይቼ አላውቅም።

ምክትሉ ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። ኢንጂነሯ ስክሪኑን ራሷ አጠፋች፣ ሄዳ ጫማ ሰፊው ፊት በርከክ አለች። ምልክት አታውቅም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ገባው።

ሲበተን ቅንድብ መጣች። አሸንፈሃል ትለኛለች ብዬ ነበር።

"የአንተም ፊት ይዘገያል" አለችኝ። "ከእሱ ትሻላለህ። ግን ሰምተህ፣ ተርጉመህ፣ ቃሉን ይዘህ… ፊትህ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ሰው ተደናግሮ እንደገና ያስባል። ለምደነው ነው እንጂ።"

ዛሬ ይህን መስማት ነበረብኝ?

የካቲት 16፣ ሰኞ

ምክትሉ አስጠሩኝ። ማሽኑ ቀርቷል። "ቦታህ ያንተ ነው" አሉኝ፣ እጄን ጨበጡ። ሁለቱንም እጄን።

ደስታዬ ግማሽ ሆነብኝ። ለምን?

የካቲት 20፣ ዓርብ

የትናንቱን ቅጂ ድምፅ ዘግቼ ሦስት ጊዜ አየሁት። ፊቴ ይዘገያል። እውነቷን ነው።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ለምን እሷ አትቆምም?

ይኸው ጻፍኩት። ከዓርብ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተገላበጠ ነበር። አትሰማም፤ እና? እኔ ከካሜራው ሥር፣ ልክ ከሌንሱ በታች በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እሰማለሁ፣ በእጄ አቀብላታለሁ። እሷ ነገሩን ወስዳ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ፊት ትናገራለች። ዓይኗ እኔን ሲያይ ተመልካቹን ያየ ይመስላል።

አዘጋጁ፦ "ለአንድ ሣጥን ሁለት ሰው?"

ዳይሬክተሯ፦ "ለአንድ ጋዜጠኛ ስንት ሰው ነው ከኋላ ያለው? ቆጥረህ ታውቃለህ?" ጨርቁ አሁንም ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

ይሞከር ተባለ። ቅንድብን ጠየቅኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንድቧ ዝም አለ።

"አንተስ የት ትሄዳለህ?" አለችኝ።

"ከካሜራው ሥር።"

"አትታይም እኮ።"

"ነጠላ ጫማዬም አይታይም ነበር" አልኳት። አልገባትም። አስረዳኋት። ሳቀች።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

አራተኛ ልምምድ። መጀመሪያ ላይ አላስፈላጊውን ሁሉ አቀብላት ነበር። መዳፏን ትዘረጋና ታስቆመኛለች፤ "በቃኝ፣ ይዤዋለሁ።" ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ አስቆመችኝ። የሒሳብ መምህር ናት፤ ቁጥር ስትናገር ቁጥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ኢንጂነሯ እሑድ እሑድ አዳራሽ መምጣት ጀምራለች። ጀማሪ ክፍል። አስተማሪዋ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጫማ ሰፊው ነው።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ባለቤቴ እራት ላይ፣ "እና ከቴሌቪዥን ልትጠፋ ነው?" አለችኝ።

"ልጠፋ ነው።"

"ገበያ ስሄድ የቴሌቪዥኑ ሚስት ነበር የሚሉኝ። ሽንኩርት ይመርቁልኝ ነበር።"

"ሽንኩርቱ ቀረብሽ።"

ወጡን ወደኔ እየገፋች፣ "ከፍቶሃል?" አለች።

አሰብኩ። ይከፋኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰው መንገድ ላይ እጁን እያወዛወዘ ሰላም ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ያቺን ሴት በልምምድ ሳያት… "አልከፋኝም" አልኳት። "ልጄን ድሬ የምሸኝ ያህል ነው።"

"ሽንኩርቱንም ድረው" አለችኝ።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ቀኑ ደረሰ።

ቅንድብ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ ፕላስተሯ ላይ ቆመች። እኔ በርጩማዬ ላይ። ዳይሬክተሯ በጆሮዬ ትቆጥራለች፣ እኔ በጣቴ ለቅንድብ። አምስት፣ አራት…

ንግዱ አለፈ። ቴክኖሎጂው አለፈ። ከዚያ እንግዳው ሐኪም መጣ። ስለ ዘረመል ሕክምና ነው፤ በዘር የሚመጣን የደም በሽታ ከሥሩ ስለማረም። ስክሪፕቱ ላይ አምስት ጥያቄ ነበር። ሐኪሙ ሁሉንም ትቶ በራሱ መንገድ ነጎደ። ይፈጥናል፣ ይቀልዳል፣ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። እጄ ተወላገደ። ወደ ኋላ ቀረሁ። አንድ ሐሳብ አመለጠኝ፣ ሁለት…

ቅንድብ አየችኝ። አልደነገጠችም። ካሜራው እንዳያየው ሆዷ አጠገብ ጣቷን ትንሽ ነቅነቅ አደረገች። "ቀስ በል። ፍሬውን ብቻ።"

ቃሉን ለቀቅሁት። የሐኪሙን ነገር ብቻ ሰማሁ። ሦስት ምልክት ሰጠኋት፤ ሦስት ብቻ። እሷ ወሰደችና… ደም ሥር ከፈተች፣ ውስጡ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነገር አሳየች፣ አንዷ ቀለበት ጠማማ። ፊቷ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ተጣመመ። ቀለበቷን አቃናች። ፊቷም ቀና። ካሜራ ማኑ ምልክት አያውቅም። አፉን ከፍቶ ነበር።

ሲያልቅ ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ዜና አንባቢዋ፣ መብራት የሚያስተካክለው፣ ዳይሬክተሯ ከላይ በመስታወቱ ጀርባ፣ ሁሉም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አርገበገበ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

አሥራ አንድ ዓመት በዚያች ሣጥን ቆሜያለሁ። እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ማንም አላየኝም።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

እማዬ ጋ ነበርኩ። ቁልፍ የተበጠሰበት ሸሚዝ ይዤላት ሄጄ።

አንዲት ደንበኛዋ መጣች፣ ጎረቤቷ ናት፣ ጡረታ የወጣች የሆስፒታል ምግብ አብሳይ። ሃያ ዓመት ልብሷን እማዬ ጋ ታሰፋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሁለቱ ወሬ ርዝመትና ስፋት ነው፤ እዚህ ጋ አጥብቢው፣ እዚህ ጋ ልቀቂው።

ዛሬ ያመጣችውን ቀሚስ ከፌስታሉ ሳታወጣ ወደኔ ዞረች። "የሐሙሱ ሐኪም… ሰምተኸዋል? በሁለት ጆሮዬ ሰማሁት፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የእህቴ ልጅ ያ በሽታ አለባት።"

ላስረዳት አሰብኩ። እማዬ ሸሚዜን ጎትታ፣ ምን አለች አለችኝ። ነገርኳት።

ሐሙስ ከቅንድብ የተረዳችው እማዬ መነጽሯን አደረገች። ከሥራዋ መሀል አንድ እጅጌ አነሣች፣ ስፌቱን በጣቷ ተከትላ ሄደች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። አንዲት የተሳሳተች ስፌት። ሴትዮዋን በክርኗ አስጠጋቻት። ያችን አንዲት ስፌት ብቻ በመርፌ ጫፍ ፈታች፣ እጅጌውን ሳትነካ፣ ግራ ቀኙን ሳትነካ። ትክክለኛውን አስገባች። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ ያዘችና ደም ሥሯ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ሴትዮዋ ስፌቱን አየች። ደም ሥሯን አየች።

"ልብሱን አይቀዱትም ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ።

ላስተረጉም አፌን ከፈትኩ፣ እጄንም አነሣሁ። ሴትዮዋ ሳትዞር መዳፏን ወደኔ ዘረጋች። "ቆይ… ቆይ። ገብቶኛል።" ከዚያ በቀጥታ ለእማዬ፣ በእጇ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ትንሽ ቁመት አሳየች፣ የልጅቷን፤ ቀጥሎ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ጠየቀች። ለእሷስ ይደርሳል?

እማዬ አልዋሸቻትም። እጇን ግራ ቀኝ አወዛወዘች፤ ገና ነው። ከዚያ መርፌዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ሐኪሞቹ እየሰፉ ነው።

ሁለቱም ወደ እጅጌው አጎነበሱ። የሚጠሩኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።